ፋሪሃ እምቢ ያለችው ሲስተም

ፋሪሃን ያገኛት ሳሊህ ነው። ሳሊህ የ«ናዕናዕ» ሱቅ ሞተረኛ ነበር። በፌስቡክና በዋትሳፕ የታዘዘውን ዕቃ ካርቱም ሳጃና ሰፈር ካለው መጋዘን እየጫነ ለየደንበኛው ያደርሳል። የተቃውሞ ሰልፍ በነበረበት ቀን ማግሥት፣ ማለዳ፣ መጋዘኑን በያዘው ቁልፍ ከፍቶ ሲገባ ትልቁ የብረት መደርደሪያ በፊቱ ተደፍቷል፤ የሕፃናት ወተት ጣሳዎች ወለሉን ሞልተውታል። ከጣሳዎቹ መሐል የሴት እጅ ወጥቶ አየ።

ሻምበል ጂብሪል ሲደርስ ሁለት ፖሊሶች መደርደሪያውን ለማንሳት እየታገሉ ነበር።

«ተዉት!» ብሎ ጮኸ። «ማን ንኩ አላችሁ?»

ጂብሪል የሰፈሩ ጣቢያ መርማሪ ነው። አባቱ የካርቱም ሰው፣ እናቱ ሐምዲያ ደግሞ ከወሎ የመጣች ናት። አማርኛን ከእናቱ አፍ ነው የተማረው፤ ሲናደድ ግን ዓረብኛው ይቀድመዋል። ያን ቀን ጠዋት ገና ከመግባቱ ተናዶ ነበር። ትናንት የተተኮሰው ቡምባን፣ ያ አስለቃሽ ጭስ፣ አሁንም ግድግዳው ላይ ያለ ይመስል ዓይንን ይቆጠቁጣል።

ተንበርክኮ ጣሳዎቹን እየለየ አነሳ። ከሟቿ ራስ ሥር የፈሰሰው ደም ደርቆ ጠቁሯል። በደሙ ላይ የተቀመጡት ጣሳዎች የታችኛው ገጻቸው ግን ንጹሕ ነው፤ ጠብታ እንኳ አልነካቸውም። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። መደርደሪያውን ከግድግዳው ጋር አያይዘውት የነበሩት ብሎኖች ወጥተዋል፤ ልስኑ ግን አልተቦጨቀም።

«ይሄ መደርደሪያ በራሱ አልወደቀም» አለ። «ብሎኑን ፈትተው ነው የጣሉባት። የጣሉባትም ደሟ ከደረቀ በኋላ ነው።»

ሳሊህ በሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ሸሚዙ ላይ ደም አለ።

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«እኔ፣ እሷ፣ ቤርሳቤህ። ሌላ ሰው የለውም፣ ጀናቡ።»

«በሩ ተቆልፎ ነበር?»

«ተቆልፎ ነበር።»

«ስልኳስ?»

ፈለጉት፣ የለም። ለዕቃ ምዝገባ ሙከራ ተገዝቶ የነበረው የባርኮድ ማንበቢያም የለም አለ ሳሊህ።

*

ቤርሳቤህ የሱቁ ባለቤት ናት። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ፣ እሷ እዚሁ ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ልብሷ የተስተካከለ ሴት ናት። ስትደርስ ዓይኗ ቀልቷል። አስከሬኑን ሊያወጡ ሲሉ የሟቿ እግር ላይ ወደቀች፤ ሁለት ሴቶች ደግፈው አስነሷት። ጂብሪል ውኃ እስክትጠጣ ጠበቃት።

«ምን ትሠራ ነበር እዚህ፣ በሰልፍ ቀን?»

«ዕቃ እየመዘገበች ነበር። ሥራው አደገብን፣ ጀናቡ። ሲጀመር ሁሉ ነገር በፋሪሃ ጭንቅላት ነበር፤ ምን ገባ፣ ምን ቀረ፣ እሷን መጠየቅ ነው። ትዕዛዙ ሲበዛ አልተቻለም። የሌለንን እንሸጣለን፣ ያለንን የለም እንላለን። ስለዚህ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንግዛ አልን። ምርጫውን ለሷ ሰጠኋት።»

«መረጠች?»

«አልጨረሰችም። አንደኛው የውጭ ነው። ግሩም ነገር ነው፤ ግን በዶላር፣ በካርድ ነው የሚከፈለው። ከዚህ አገር ካርድ ማን ይቀበላል? የሙከራውን ነበር የምትጠቀመው። ሌላው ነፃ ነው፤ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ይቆማል። ሦስተኛውን የሠራው ፀጋአብ የሚባል የኛው ልጅ ነው። ያለ ኢንተርኔት ስልክ ላይ ይሠራል። እኔ እሱን ነበር የወደድኩት።»

«እርስዎ ትናንት የት ነበሩ?»

«ካፉሪ፣ ኢክሪማ ቤት። ሸሪኬ ነው፤ ዕቃውን ከውጭ የሚያስመጣው እሱ ነው። ስለ ሶፍትዌሩ ልናወራ በጠዋት ሄድኩ፤ ኩብሪው ተዘጋ። እዚያው አደርኩ። ሳሊህ ሲደውልልኝ ኩብሪው ተከፍቶ ስለነበር መጣሁ።»

በሰልፍ ቀን ኩብሪዎቹ፣ የወንዙ ድልድዮች፣ በኮንቴይነር እንደሚዘጉ የማያውቅ የካርቱም ሰው የለም። ካፉሪ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ ነው። ጂብሪል ወደ ኢክሪማ ደወለ። «አዎ፣ ከኛ ጋር ነበረች፣ አላህ ይርሐማት ምስኪኗን» አለ ኢክሪማ።

«ሟቿ ዘመድ አላት?»

«ታናሽ እህቷ ሬሕማ። እዚያው ኢክሪማ ቤት ነው የምትሠራው።» ቤርሳቤህ መሐረቧን ዓይኗ ላይ አደረገች። «ስንነግራት ወደቀች። መቆም እንኳ አቅቷታል።»

*

የጣቢያው አዛዥ ራኢድ ነጂብ ወንበሩን ወደኋላ ለጥጦ ሰማው።

«አንዲት ሐበሻ፣ አንድ መደርደሪያ» አለ። «ትናንት ከተማው በሙሉ ሲታመስ ነው የዋለው፤ አንተ ጣሳ ታነሳለህ። አደጋ ነው ብለህ ዝጋው።»

«ደሙ አደጋ አይልም።»

«ጂብሪል፣ እናትህ ሐበሻ ስለሆነች…»

«እናቴን ከዚህ አውጣት!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ብርጭቆው ተንሸራቶ ወደቀ። «ሱዳናዊት ብትሆን፣ የሚኒስትር ልጅ ብትሆን፣ መደርደሪያው አደጋ ይሆን ነበር?»

አዛዡ የተሰበረውን ብርጭቆ አየ። «ሂድ» አለ በመጨረሻ። «ግን ቶሎ።»

የአስከሬን መርማሪው ሐኪም የነገረው ደግሞ ቁጣውን አባባሰው። ፋሪሃ የሞተችው በመደርደሪያው አይደለም። ጭንቅላቷ ከኋላ በኩል በሹል ነገር ተመትቷል፤ የብረት ጠርዝ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ግን አልሞተችም።

«ምን ያህል ቆየች?»

«ብዙ ቆይታለች» አለ ሐኪሙ፣ ፊቱን አዙሮ። «የደረሰላት ሰው ቢኖር ትተርፍ ነበር።»

*

መጀመሪያ የተጠረጠረው ሳሊህ ነው። ቁልፍ አለው፤ ሸሚዙ ላይም ደም አለ።

«ደሙ የማን ነው?»

«ስማቸውን አላውቅም፣ ጀናቡ።»

«አትቀልድብኝ!»

«ወላሂ አላውቅም! ትናንት ሙሉ ቀን ቁስለኛ ሳመላልስ ነው የዋልኩት። መንገድ የዘጉት ወታደሮች አምቡላንስ አናሳልፍም ሲሉ በሞተር ነበር የምናወጣቸው፤ ከኋላዬ አንድ ሰው እየያዛቸው። የማን ደም እንደሆነ እንዴት ልወቅ?»

ጂብሪል ሆስፒታሉ ድረስ ሄዶ ጠየቀ። ያላንቀላፋ ወጣት ሐኪም ሳሊህን በስልክ ላይ ባለው ፎቶ ሲያየው ፈገግ አለ። «ይሄ? ይሄ ልጅ ባይኖር ስንቱ ያልቅ ነበር። እስኪመሽ እዚህ በር ላይ ነው የዋለው።» ጂብሪል ተመልሶ ሳሊህን ፈታው። ይቅርታ ሊለው ፈልጎ አማርኛው ጠፋበት። «ያላ፣ ሂድ» ብቻ አለው።

ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጠው ሱዳናዊት ግን ሌላ ነገር አመጣች።

«ከሰልፉ በፊት በነበረው ቀን ያ ፀጉሩ የተንጨባረረው ሐበሻ፣ የኮምፒውተሩ ልጅ፣ መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ተጨቃጨቁ፣ ተጯጯሁ። ‹ትገላለህ› ሲባል ሰማሁ። ይቺን ቃል አውቃታለሁ፤ ሐበሻ ጎረቤቶቼ ሲጣሉ ትወጣለች። መግደል ማለት ናት፣ አይደል?»

«‹ትገላለህ› ነው ያለው? ደህና አድርገሽ ሰምተሻል?»

«ትገላለህ። ደጋግሞ።»

የኮምፒውተሩ ልጅ ፀጋአብ ነው። ጂብሪል ካላክላ ድረስ ሄዶ፣ ከሱቅ በላይ ካለች ጠባብ ክፍሉ በካቴና አስሮ አመጣው። ልጁን ከኋላ አስቀምጦ መኪናውን አስነሳ። ሐፍላዎቹ፣ አውቶቡሶቹ፣ መንገዱን አጨናንቀውት ቆመው ሳሉ ቃሏ በጭንቅላቱ ትመላለስ ጀመር። ትገላለህ። ትገላለህ።

ድንገት መሪውን መታ።

ልጅ ሳለ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲሠራ እናቱ ጆሮውን ትቆነጥጠው ነበር። ለሴት «ህ» አይባልም። ፀጋአብ ፋሪሃን ሊዝትባት ቢሆን «እገልሻለሁ» ነበር የሚላት። «ትገላለህ» የምትባለው ለወንድ ናት። ያንን ቃል የተናገረችው ፋሪሃ ናት።

መኪናውን ዳር አስያዘና ወደ ኋላ ዞረ።

«ማንን ትገላለህ ነው ያለችህ?»

ፀጋአብ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ሕፃናትን» አለ።

*

ጂብሪል ካቴናውን ፈታለት፤ ግን በሩን አልከፈተም።

«አውራ።»

«ፋሪሃ በውጩ ሲስተም ሙከራ ላይ ወተቱን እየመዘገበች ነበር። እያንዳንዱ ካርቶን የባች ቁጥር አለው፤ አብሮ የተመረተ ሁሉ አንድ ቁጥር ነው የሚኖረው። የሚያበቃበት ቀንም አንድ ነው። ሱቁ ውስጥ የቀሩ የቆዩ ጣሳዎችን አስቀድማ አስገብታ ነበር። አዲስ የገባውን ጭነት ስታስገባ ሲስተሙ በቀይ አልቀበልም አላት። ቁጥሩ ያው ነው፣ ቀኑ ግን ሌላ። የድሮው ጣሳ ጊዜው አልፏል ይላል፤ አዲሱ ገና ብዙ ጊዜ አለው ይላል። አንድ ባች ሁለት ቀን ሊኖረው አይችልም።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ቀኑን በአሴቶን አጥፍተው እንደገና አትመውበታል። እሷ ናት ያሳየችኝ።»

«አንተን ለምን ጠራችህ?»

ፀጋአብ ታስሮ የነበረ እጁን አሸ።

«ለምን ጠራችህ?»

«የኔ ሲስተም የሚያበቃበትን ቀን የሚመዘግብ ቦታ ነበረው። ከሱቁ ስልክ መልእክት መጣልኝ፤ ያንን ቦታ አውጣው፣ ሥራ ያበዛል ተባልኩ። አወጣሁት። ፋሪሃ ስታየው አበደች። ‹መልሰው! ይሄን ሲስተም ካስገባን ማንም አያውቅም፤ ሕፃን ትገላለህ!› አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት አልኳት።»

ጂብሪል የሱቁን ስልክ ማን እንደሚይዘው ጠየቀ። ቤርሳቤህም ኢክሪማም ይይዙታል አለ ፀጋአብ፤ የትኛው እንደጻፈ አያውቅም።

«እሷ ሞታ ስትገኝ ለምን ፖሊስ ጋ አልመጣህም?»

«ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በነሱ ድርጅት ስም ነው። ቢሰርዙት በነጋታው ያባርሩኛል።»

«አንተ ኢቃማ አለህ!» የጂብሪል ድምፅ መኪናውን ሞላው። «እሷን የሚጠብቃት መቃብር ነው! የተማርክ ሰው አይደለህም? ያንን ቦታ ስታወጣ ለምን እንደሆነ አልጠረጠርክም?»

«ጠረጠርኩ» አለ ፀጋአብ፣ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ።

ጂብሪል ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። ጣሳዎቹን ወደ ደጅ አውጥቶ በጠራራ ፀሐይ አገላበጣቸው። ቀኑ የታተመበት ቦታ ላይ ብረቱ ከሌላው ይልቅ ያብለጨልጫል፤ ቀለሙ ተፍቋል። ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ሲያሸው ቁጥሩ ለቀቀ። በአንድ ጣሳ ላይ ከአዲሱ ቁጥር ሥር የድሮው ጥላ ይታያል። አንዱን ከፍቶ አሸተተው። የሻገተ ዘይት ይሸታል። ጣሳውን ግድግዳው ላይ ወረወረው፤ ዱቄቱ በአየር ላይ ተበተነ።

*

በማግሥቱ ፋሪሃ ተቀበረች። ከፈኑን ቤርሳቤህ ገዛች፣ የመጡትን ሁሉ አስተናገደች፣ ደጋግማ አለቀሰች። ሴቶቹ «እንዲህ ያለች አሠሪ!» እያሉ ያደንቋታል። ጂብሪል ከቀብር ሲመለሱ አንዷን የወሎ ሴት ጠጋ ብሎ ጠየቃት።

«እህቷ የትኛዋ ናት?»

«አልመጣችም» አለች ሴትየዋ፣ ከንፈሯን ነክሳ። «የእናቷን ልጅ አጥባ ያልቀበረች! ምን ዓይነት ሕመም ቢይዛት ነው?»

ጂብሪል መንገዱ መሐል ቆመ። ኩብሪው ከትናንት ጀምሮ ክፍት ነው። ቤርሳቤህ ከዚያው ቤት ተነስታ መጥታለች። ኢክሪማ መኪና አለው። በሸክምም ቢሆን ያመጧታል እንጂ እህት ቤት ውስጥ እንዴት ትቀራለች?

ወደ መኪናው ሮጠ።

የካፉሪው ቪላ በር ሲንኳኳ የከፈተችው ቀጭን ልጃገረድ ናት። መጥረጊያ ይዛለች። ፊቷ ላይ ሕመምም ኀዘንም አይታይም። የመኪናውን የፖሊስ ምልክት አይታ ደነገጠች።

«ሬሕማ አንቺ ነሽ?» አለ በአማርኛ።

አማርኛውን ስትሰማ ፊቷ በራ። «አዎ፣ ጋሼ! ፋሪሃ ናት የላከችህ? እመቤቲቱ ስልኬን ወስዳብኛለች። ከሰልፉ ጀምሮ አላወራኋትም። ደጁንም ይቆልፉብኛል፤ ዛሬ ሥጋ ሊገዙ ሲወጡ ነው የረሱት። ተቀይማኝ ይሆናል፤ እንዳትቀየመኝ በላት…»

 ጂብሪል በሥራ ዘመኑ ብዙ መርዶ ነግሯል፤ ይሄ ግን እጁ ላይ ድንገት እንደተጣለ ሸክም ሆነበት። በረንዳው ላይ አስቀመጣት። ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ ነገራት።

አልወደቀችም። መጥረጊያውን በሁለት እጇ አንቃ ያዘች፤ ጩኸቱ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሲመጣ የጎረቤት በር ሁሉ ተከፈተ።

«መቼ ነው? መቼ ነው የቀበራችኋት?»

«ዛሬ።»

«ዛሬ! እኔ እዚህ ወለል እየወለወልኩ!»

ጂብሪል እስክትረጋ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«ሬሕማ፣ በሰልፉ ቀን ቤርሳቤህ እዚህ ነበረች?»

«እዚህ? የለችም። ማንም እንግዳ አልመጣም። እሱና እሷ፣ ልጆቹና እኔ ብቻ ነን የዋልነው። ከሰዓት በኋላ ቤርሳቤህ በስልክ ደወለችለት፤ እየጮኸ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ ነው እመቤቲቱን ‹የልጅቷን ስልክ ውሰጂባት› ያላት።»

የኢክሪማ መኪና ያን ጊዜ ወደ ግቢው ታጠፈ። ሚስቱ ሉጥፊያ ከጎኑ ተቀምጣለች። ኢክሪማ ጂብሪልን ሲያይ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ፤ ሬሕማን ሲያይ ግን የመኪናውን በር እንደያዘ ቀረ።

«ጀናቡ፣ ልጅቷ አእምሮዋ…»

ጂብሪል በኮሌታው ይዞ ከመኪናው ጋር አጣበቀው። «መርዶዋን ቀማሃት! የሞተችውን እህቷን ቀማሃት! እንዳትናገርብህ ብለህ!»

«እኔ አልገደልኩም! ወላሂ አልገደልኩም! ‹እዚህ ነበርኩ በልልኝ› አለችኝ፣ አልኩላት። ወተቱ የኔ ነው፣ ቀኑ እዚያው ወደቡ ላይ ነው የተቀየረው፤ ቤርሳቤህ ታውቃለች፣ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ግን ደም የለብኝም!»

ሉጥፊያ ከመኪናው ሳትወርድ ቦርሳዋን ከፍታ የሬሕማን ስልክ በመስኮቱ ዘረጋች። የተቀበላት የለም።

*

ቤርሳቤህ ሳጃና ባለው ቢሮዋ የደንበኞችን መልእክት እየመለሰች ነበር። አዳዲስ የሽቶ ጠርሙሶች ፎቶ ሊነሡ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ጂብሪል በሩን ከኋላው ዘጋው።

«ሬሕማን አገኘኋት» አለ። «በጣም ደህና ናት። መርዶውን እኔ ነኝ የነገርኳት።»

ጣቶቿ ስልኩ ላይ ቆሙ።

«ካፉሪ አልነበርሽም።» አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነው። «ኩብሪውን አልተሻገርሽም። እዚሁ ሳጃና ካለው ቤትሽ ተነስተሽ በእግርሽ ነው መጋዘን የሄድሽው። ጭሱ ነበር፣ ተኩሱ ነበር፤ ማንም ማንንም አላየም፣ ማንም ምንም አልሰማም።»

ስልኩን ጠርሙሶቹ አጠገብ አስቀመጠች። እንባዋ አልመጣም፤ ያ ሁሉ ልቅሶ ያለቀ ይመስል።

«ምርጫውን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ትልቅ ቦታ እንደርሳለን ብዬ። አንድ ነጋዴ ገንዘብ አስገብቶ ሥራችንን ሊያሳድግ ፈልጎ ነበር፤ ሲስተም ያለው ሱቅ ካልሆነ አልገባም አለ። የፀጋአብን እንውሰድ፣ ያለ ቀኑ፣ ይበቃናል አልኳት። እምቢ አለች። ስልኳን አውጥታ ‹ለወተት ደንበኞቹ ሁሉ አሁን ነው የምጽፈው› አለች። ስልኩን ልቀማት ገፋኋት። ገፋኋት ብቻ! መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ወደቀች።»

«ከዚያስ?»

«ደነገጥኩ።»

«ከዚያስ?»

«ኢክሪማ ጋ ደወልኩ።»

«ኢክሪማ ጋ!» ጂብሪል ተራመደ። «ትተነፍስ ነበር። ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ብዙ ቆይታለች። ደሟ ወለሉ ላይ እስኪደርቅ አጠገቧ ነበርሽ። ከዚያ መፍቻ ፈልገሽ ብሎኑን ፈታሽ!»

«መንገዱ ዝግ ነበር! ሐኪም ቤት በምን ልውሰዳት? ማን ይመጣልኛል?»

«ሳሊህ!» ድምፁ ተሰበረ። «ያንቺው ሞተረኛ ሳሊህ! ከመንገዱ ማዶ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ሲያወጣ ነው የዋለው። ብትደውዪለት ይመጣ ነበር። አንዴ ብቻ ብትደውዪለት!»

 ቤርሳቤህ ዙሪያዋን አየች።

«እንዲህ ያለውን ወተት ሁሉም ይሸጠዋል» አለች በሹክሹክታ። «ሱቁ ሁሉ። እኔ ብቻ ነኝ?»

 ጂብሪል እጇን ይዞ ካቴናውን አሰረ።

*

ቤርሳቤህና ኢክሪማ ታሰሩ፤ ጉዳዩ ለጣቢያው እዚያ አበቃ። ራኢድ ነጂብ ሪፖርቱን ፈርሞ «ጎበዝ» አለው። ጂብሪል ግን አልወጣም፤ ከፊቱ እንደቆመ ቀረ።

«የተሸጠውስ?»

«የቱ?»

«ወተቱ። ግማሹ ጭነት ወጥቷል። የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።»

አዛዡ ትከሻውን ነቀነቀ። «የጤና ቢሮ ሥራ ነው።»

ጂብሪል ወጥቶ ሄደ። የተሸጠው ጣሳ ለማን እንደደረሰ የሚናገር ሲስተም አልነበረም፤ ፋሪሃ የሞተችለት ነገር ገና አልተገዛም ነበር። የቀረው የሳሊህ ሞተርና የማስታወስ ችሎታው ነው። ሳሊህ ያደረሰባቸውን በሮች እያስታወሰ ከፊት በሞተሩ ይሄዳል፣ ጂብሪል በመኪናው ይከተላል። ፀጋአብ ሳይጠራ መጣ፤ የዋትሳፑን መልእክት እየበረበረ አድራሻ ያወጣል። ጂብሪል አላናገረውም፤ ግን ውረድም አላለውም። ሬሕማ ከኋላ ተቀምጣለች። «እኔም እሄዳለሁ፤ የጀመረችው እህቴ ናት» ብላ ከፀጋአብ ቀድማ ነው የገባችው።

አብዛኛው አድራሻ ካላክላ ነበር። ርካሽ ስለሆነ ድሀው ነው የገዛው። በየበሩ ያንኳኳሉ፣ በየበሩ ያስረዳሉ። አንዳንዱ ያመሰግናል፣ አንዳንዱ ይሰድባል። አንዱ አባት ልጄ ሳምንቱን ሙሉ አስመለሰው፣ አሁን ሐኪም ቤት ነው ብሎ ጂብሪልን ደረቱን ገፋው። ጂብሪል እጁን አላነሳም። የተገፋበት ቦታ ላይ ቆሞ ሰማው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከጭቃ ቤት የወጣች ወጣት እናት ሕፃኗን በጎኗ ይዛ ሰማቻቸው። ሱዳናዊት ናት። በሌላ እጇ የያዘችው የወተት ጣሳ ገና ከግማሽ በላይ አለው። ሳሊህ እጁን ሲዘረጋ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ጡቴ ደርቋል» አለች። «ይሄን ከሰጠኋችሁ ዛሬ ምን ላብላው?»

 ጂብሪል የሚቆጣበት ሰው ፈለገ፤ ከፊቱ ያለችው ግን እሷ ናት። ዞሮ ሄደ። ትልቁ መንገድ ላይ ካለው ፋርማሲ አንድ ጣሳ ገዝቶ፣ ባለፋርማሲውን እስኪያስፈራው ድረስ ቀኑን አገላብጦ አይቶ፣ በጥፍሩ ፍቆ ተመለሰ።

«እንኪ። ቀኑን ራስሽ አንብቢው። ከእንግዲህ ሳታነቢ አትግዢ።»

ሴትየዋ ጣሳውን አገላበጠችው። «ማንበብ አልችልም» አለች።

የጂብሪል ፊት እንደገና ጠቆረ። ሬሕማ ግን ከመኪናው ወርዳ ከጎኗ ተቀመጠች። ቁጥሮቹን በጣቷ እያሳየች፣ በተሰባበረ ዓረብኛዋ፣ አንድ በአንድ አነበበችላት። ሴትየዋ ተከትላት ደገመችው። ሬሕማ «እንደገና» አለቻት፤ ሴትየዋም እንደገና ደገመችው።